ባሕሩ ሲረክስ የብሱ ሲወደድ

ሥራዬ የመርከብ ሰነድ ነው። ለቡና ላኪዎችና ለአስመጪዎች ወረቀት አዘጋጃለሁ፣ ከመርከብ ወኪሎች ጋር እጻጻፋለሁ፣ ኮንቴነር የት እንደደረሰ እከታተላለሁ። ስለዚህ የሚያውቀኝ ነጋዴ ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ፍሬት መቼ ነው የሚወርደው?» የመርከብ ማጓጓዣ ዋጋ ማለታቸው ነው።

መልስ አለኝ። መሃል ላይ ጦርነት ወይም ድርቅ ብድግ ሊያደርገው ይችላል እንጂ፣ የሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት አቅጣጫ ወደ ታች ነው። ይህን ስል ሰው ደስ ይለዋል። ቀጥዬ የምለው ግን ያን ያህል አያስደስትም። ባሕር ላይ የረከሰ ዋጋ በራሱ ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ አይመጣም። ሁለቱንም ለምን እንደምል ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀይ ባሕር በታወከ ሰሞን አንድ ጎማ አስመጪ ደንበኛችን ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ መጣ። «ወንድሜ፣ የእኔ ዕቃ የሚመጣው ከቻይና ነው» አለኝ። «ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ ነው። መርከቡ በሕንድ ውቅያኖስ መጥቶ፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ያራግፋል። ያንን ጠባብ መተላለፊያ ጭራሽ አያልፍም። ታዲያ ለምንድን ነው እኔ ላይ የጨመሩት?»

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የያዘ ሰው ስለ ዓለም የመርከብ ገበያ ግማሹን ያውቃል።

ነገሩ የተጀመረው በኖቬምበር 19 ቀን 2023 ነው። የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዙ። 25 መርከበኞች ታገቱ። የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሚሳይሉና ድሮኑ ተከተለ። ትልልቆቹ የኮንቴነር ኩባንያዎች ቀይ ባሕርንና ሱዌዝን ትተው የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ መዞር ጀመሩ። የፈረንሳዩ ሲኤምኤ ሲጂኤም በባሕር ኃይል እየታጀበ አንዳንድ መርከቦቹን ማሳለፉን ቀጠለ። አብዛኛው ግን ዞረ። ከሲንጋፖር ሮተርዳም በሱዌዝ በኩል 8,500 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። በደቡብ አፍሪካ በኩል ወደ 11,800 ይጠጋል። በጉዞው ላይ ቢያንስ አሥር ቀን ይጨመራል።

ጥቃቱ ኤደን ባሕረ ሰላጤም ስለደረሰ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው መርከብ የጦርነት መድን ጨምሮበታል። ከቀውሱ በፊት እዚህ ግባ የማይባል የነበረው ይህ መድን፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ለአንድ ጉዞ ከመርከቡ ዋጋ እስከ 1 በመቶ ደርሶ ነበር። 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መርከብ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ነገር ግን ለጎማ ነጋዴው ዋናው መልስ ይህ አይደለም።

ዋናው መልስ ቀን ነው። ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ታክሲዎቹ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ቢጀምሩ፣ የታክሲው ቁጥር ሳይቀንስ፣ የተሳፋሪውም ቁጥር ሳይጨምር ወረፋው ይረዝማል። እያንዳንዱ ታክሲ በቀን የሚመላለሰው ስላነሰ ነው። ያንን ለመሙላት ከሌላ መስመር ታክሲ ሲሳብ ደግሞ መንገዱ ያልተዘጋበት ሰው ጭምር ይሰለፋል። በባሕሩም የሆነው ይኸው ነው። ከእስያ አውሮፓ የሚሠሩት ግዙፍ መርከቦች ጉዟቸው ሲረዝም፣ በየሳምንቱ የሚነሳውን መርከብ ላለማቋረጥ ተጨማሪ መርከብ አስፈለገ። መርከቡ ከሌላ መስመር ተወሰደ። ኮንቴነሩም በየመንገዱ ቀረ። የጎማ ነጋዴው ዕቃ በተተኮሰበት ባሕር አላለፈም፤ ሊጫንበት የነበረው ቦታ ግን ተሸጠበት።

ቁጥሩም ይህን ያሳያል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ እንደሚለው በ2024 በባሕር የተጓጓዘው ጭነት ያደገው በ2.2 በመቶ ብቻ ነው። ጭነቱ ከተጓዘበት ርቀት ጋር ተባዝቶ ሲለካ ግን ዕድገቱ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። ዓለም ብዙም ተጨማሪ ዕቃ አልገዛም። ያው ዕቃ ረጅም መንገድ ሄደ። ዋጋውን የሰቀለውም እሱ ነው።

ድሩሪ የተባለው የለንደን ተቋም በየሳምንቱ የሚያወጣው የኮንቴነር ዋጋ መለኪያ አለ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር በዋና ዋና መስመሮች በአማካይ ስንት እንደሚጠይቅ ይናገራል። እኔ እሱን ሳላይ ሐሙሴ አያልፍም። በ2019 አማካዩ 1,420 ዶላር ነበር። በሴፕቴምበር 2021፣ በኮሮና ጊዜ፣ 10,377 ደረሰ። በ2023 መጸው ወደ ነበረበት ወርዶ እፎይ ሲባል የቀይ ባሕሩ ነገር መጣ። በጁላይ 2024 ወደ 5,900 ዶላር ወጣ። በ2025 መጸው ደግሞ ከ2,000 በታች ተመለሰ፤ ያውም መርከቦቹ ገና አፍሪካን እየዞሩ። ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ምልክት ነው። መንገዱ ሳይከፈት ዋጋው ከወረደ ገበያው ላይ የመጣ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

የመጣው መርከብ ነው።

በኮሮና ጊዜ የመርከብ ኩባንያዎች ያተረፉት ገንዘብ በታሪካቸው ታይቶ አያውቅም። የዴንማርኩ መርስክ ብቻውን በ2022 ከ29 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አገኘ። ገንዘቡ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አዲስ መርከብ አዘዘ። መርከብ ታዞ እስኪሠራ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በውድ ዘመን የታዘዘው የሚደርሰው በርካሽ ዘመን ነው። የዓለም የኮንቴነር መርከቦች አቅም በ2024 ከ30 ሚሊዮን ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር በላይ ሆነ። ከዚያ በላይ ደግሞ የነባሩን 30 በመቶ ገደማ የሚሆን አዲስ አቅም ታዝዞ በመርከብ ሠሪዎች እጅ ነበር። አብዛኛው በቻይና የሚሠራ ነው። ይህ ትዕዛዝ ወሬ አይደለም። ውሉ ተፈርሟል፣ ቀብዱ ተከፍሏል። ንግዱ ቢያድግም ባያድግም መርከቡ ይመጣል።

ንግዱ ደግሞ እንደዚያ አላደገም። ያው የመንግሥታቱ ጉባኤ ለ2025 የተነበየው የባሕር ንግድ ዕድገት ግማሽ በመቶ ብቻ ነበር። የአሜሪካ የታሪፍ ነገር ሁሉን አተራመሰው። በኤፕሪል 2025 በቻይና ዕቃ ላይ የተጣለው ቀረጥ 145 በመቶ ደርሶ ትዕዛዝ ተሰረዘ። በሜይ አጋማሽ ለጊዜው ወደ 30 በመቶ ሲወርድ ሁሉም ዕቃውን ሳይዘጋበት ለማስገባት ተሯሯጠ፤ ፍሬትም ለጥቂት ሳምንታት ዘለለ። ከዚያ ተመልሶ ወደቀ። እንዲህ ያለው ዝላይ ገና ብዙ ይታያል። ነጋዴ ሲያየው ገበያው የዞረ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የዞረ ነገር የለም። ዕቃው ቀኑ ሳይደርስ ተገዛ እንጂ አልበዛም።

የዚህ ገበያ ታሪክ ረጅም ነው። እኛ ቡና ላይ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ጅማሬው ደስ ይላል። ዛሬ የደረቅ ጭነት መርከብ ዋጋ የሚለካበት የባልቲክ ገበያ መነሻው በ1744 ለንደን ውስጥ የነበረ ቡና ቤት ነው። የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች እዚያ ቡና እየጠጡ ጭነትና መርከብ ያገናኙ ነበር። የሎይድስ የመድን ገበያም የተወለደው ከቡና ቤት ነው። ያ ቡና መጀመሪያ አውሮፓ የደረሰው በዚሁ በቀይ ባሕር ነው።

የባልቲክ መለኪያ በሜይ 2008 11,793 ነጥብ ደረሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 663 ሆነ። በሰባት ወር ውስጥ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ 290 ነጥብ ነካ። በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ የደቡብ ኮሪያው ሃንጂን ከሰረ። በዓለም ሰባተኛ የነበረ ኩባንያ ነው። መርከቦቹ ዕቃ እንደጫኑ ባሕር ላይ ቆሙ፤ ማን ይከፍለናል ብለው ወደቦች አናስገባም አሉ። 14 ቢሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ የሰው ዕቃ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፍሬት በጣም ሲረክስ የሚመጣ አደጋ አለ የምለው ለዚህ ነው። ርካሽ ዋጋ ያቀረበልንን ኩባንያ ሁሉ አቅፈን መሳም የለብንም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ምክንያቱም ለእኛ ነገሩ ከሌላው ይለያል።

ከሻንጋይ ሮተርዳም ለሚሄድ መርከብ አፍሪካን መዞር መንገዱን በ30 በመቶ ገደማ ያስረዝማል። ከጅቡቲ ሐምቡርግ ለሚሄድ ቡና ግን ርቀቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። እኛ ያለነው ከሱዌዝ በታች፣ በሩ ላይ ነው። ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቡና ወደ ደቡብ ወርዶ፣ አህጉሩን ሙሉ ዞሮ ነው ጀርመን የሚገባው። ወደ ጃፓንና ኮሪያ የሚሄደው መንገዱ አልረዘመም። ለጀርመን፣ ለቤልጂየምና ለአሜሪካ የሚሸጠው ነው የተጎዳው። እነዚህ ደግሞ ዋና ገዥዎቻችን ናቸው።

አንድ በዕድሜ የገፉ ቡና ላኪ አሉ፤ ሁልጊዜ የማከብራቸው። «ልጄ፣ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። «የምንሸጠው ጅቡቲ መርከብ ላይ አስጭነን ነው። ፍሬቱን ገዥው ነው የሚከፍለው።» ውሉ ላይ እውነታቸውን ነው። አብዛኛው ቡናችን የሚሸጠው እንደዚያ ነው። ነገር ግን ገዥው ለመርከብ የጨመረውን ከቡናው ዋጋ ላይ ለመቀነስ ይደራደራል። ከሁሉ በላይ የሚያመው ደግሞ ክፍያው ነው። ብዙ ሽያጭ በሲኤዲ ነው፤ ሰነዱ ባንክ ይሄዳል፣ ገዥው ከፍሎ ሰነዱን ይወስዳል። ገዥው መርከቡ ሳይቃረብ ለመክፈል አይቸኩልም። መርከቡ ሦስት ሳምንት ሲዘገይ ገንዘቡም ይዘገያል። ላኪው ደግሞ ቡናውን የገዛው በባንክ ብድር ነው። ወለዱ ቀይ ባሕር ተዘግቷል ብሎ አይቆምም። ላኪው ፍሬት አልከፈለም፤ የመርከቡን ቀን ግን በወለድ ከፍሏል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ 19.2 ቶን ነው። ይህ ኮንቴነር አፍሪካን ሲዞር የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። ከሙቀት ወደ ብርድ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ እንደገና ወደ ብርድ። የኮንቴነሩ ጣሪያ ከውስጥ ያልበዋል። ውሃው በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ይርጋጨፌና ጉጂ ላይ ገበሬው አልጋ ላይ ዘርግቶ፣ እየገለባበጠ፣ ከዝናብ እየሸፈነ ያደረቀው ቡና በመርከብ ቀን ብዛት ጣዕሙን ሲያጣ በእውነት ያሳዝነኛል። ግድግዳውንና ጣሪያውን በወፍራም ካርቶን መሸፈን፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት መስቀል ወጪው ትንሽ ነው። መንገዱ በደቡብ በኩል ከሆነ መቼም መታለፍ የለበትም እላለሁ።

ከኮንቴነር ውጭ ያለው ዓለም ደግሞ ሌላ ገበያ ነው። ኢትዮጵያ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ታስገባለች። የሚመጣው በጅምላ መርከብ ነው፤ ጅቡቲ ላይ በጆንያ እየተሞላ በተሳቢና በባቡር ይገባል። ከሞሮኮ የሚመጣው በሱዌዝና በቀይ ባሕር ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ አፍሪካን መዞር ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የተመታችውና በማርች መጀመሪያ የሰመጠችው ሩቢማር የጫነችው 21,000 ቶን ገደማ ማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያው የእኛ አልነበረም። ዜናውን ሳነብ ግን ልቤ የሄደው ወደ ጎጃምና አርሲ ነው። ሌላ ዕቃ በወር ቢዘገይ ዋጋው ይጨምራል እንጂ ያው ዕቃ ነው። ማዳበሪያ ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ለዚያ ዓመት እህል ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ የማዳበሪያ ግዥ የሚፈጽም ሁሉ ፍሬት እስኪወርድ ልጠብቅ ማለት የለበትም። ጥቂት ዶላር ጨምሮ ቀድሞ ማምጣት ይሻላል።

ነዳጁም የራሱ መንገድ አለው። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ስለሚመጣ ባብ ኤል መንደብን አያልፍም፤ የሆርሙዝ ወሽመጥ ግን በሩ ነው። ስለ ቀይ ባሕር ብቻ እያወራን ስለ ሆርሙዝ መርሳት ለእኛ አይሆንም። እዚያ ችግር ሲኖር ቦቴው ብቻ አይደለም የሚነካው። ቡናውን ጅቡቲ የሚያወርደው ተሳቢም የሚሄደው በዚያው ነዳጅ ነው።

እንግዲህ ቀይ ባሕር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ምን ይሆናል? ግብፅ መርከቦቹ እንዲመለሱ የማትፈልግበት ቀን የለም። የሱዌዝ ገቢዋ በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወርዷል። ለትልልቅ መርከቦች የ15 በመቶ ቅናሽ እስከማቅረብ ደርሳለች። የመርከብ ኩባንያዎቹ ግን አንዴ ተመልሰው እንደገና መውጣት ስለሚያስከፍላቸው አይቸኩሉም። በጁላይ 2025 ጸጥታው የሰፈነ ሲመስል ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉት መርከቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰምጠዋል። ሰውም ሞቷል። ከቢሾፍቱ ባቦጋያ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተመርቀው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ ልጆች አሉን። ለእነሱ ቤተሰብ ይህ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ኩባንያ ጠንቅቆ ሳያጣራ አልመለስም ቢል አልፈርድበትም።

መመለሱ በደንብ ሲጀመር መጀመሪያ ላይ ትርምስ ይኖራል። በአጭሩ መንገድ የመጣውና በረጅሙ የመጣው መርከብ አውሮፓ ወደቦች ላይ እኩል ይደርሳሉ። ወደብ ይጨናነቃል፣ ዋጋም ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን በመዞር ተይዞ የነበረው አቅም ይለቀቃል። ተንታኞች ከዓለም የኮንቴነር መርከብ አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው ይሉታል። ይህ ከአዲሶቹ መርከቦች ጋር ሲደመር ዋጋው የት ሊወርድ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። መርከብ ባለቤቶች ዝም ብለው አያዩም። ጉዞ ይሰርዛሉ፣ ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ያረጀውን ለብረት ይሸጣሉ። እነዚህ ሁሉ ውድቀቱን ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም።

ለእኛ ግን ጉዞ መሰረዝ ቀላል ነገር አይደለም። ኩባንያ ወጪ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚተወው ትንሹን ወደብ ነው። ዕቃችን ትልልቆቹ የጅዳ፣ የሳላላ ወይም የጀበል አሊ ወደቦች ላይ ወርዶ ሌላ መርከብ ይጠብቃል። ዋጋው ርካሽ ሆኖ ቀኑ የማይታወቅ ፍሬት ከውዱ ይብሳል። ብዙ ዕቃ ሲቆም ያየሁትም ፍሬት በረከሰበት ጊዜ ነው።

የብሱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በመኪና 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንበሩ ጋላፊ ላይ የሚቆመው ተሳቢ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚከማቸው ኮንቴነር፣ ባዶውን ለመመለስ የሚጠፋው ቀን፣ ሁሉም ዶላር ነው። ዴሜሬጅ፣ ማለትም ኮንቴነሩ ከተፈቀደለት ነጻ ቀን በላይ ሲቆይ የሚከፈለው፣ ከፍሬት ጋር አብሮ አይወርድም። ነጻ ቀኑ ካለፈ በኋላ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ቀኑ ሲገፋም ይከብዳል። አንድ የሆስፒታል ዕቃ ያስመጣ ደንበኛ ነበረን። መርከቡ በሰዓቱ ደረሰ። ሰነዱ ግን አንድ ባንክ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከረመ። በመጨረሻ የከፈለው የዴሜሬጅ ሒሳብ ዕቃው ባሕሩን ሙሉ ካቋረጠበት ፍሬት በለጠ። ያንን ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የታመመ ሰው ያለው ቤተሰብ ያውቃል።

በዚያ ላይ ብሩ አለ። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። አሁን ለምሳሌ ብቻ እናስላ። በዚያ ምንዛሪ 3,000 ዶላር የነበረ ፍሬት 171,000 ብር ነው። ፍሬቱ በግማሽ ቀንሶ 1,500 ዶላር ቢሆን፣ በ140 ብር ምንዛሪ 210,000 ብር ይመጣል። መርከቡ በግማሽ ረክሶ ነጋዴው የበለጠ ከፈለ። ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው ደግሞ በዕቃው ዋጋ ላይ ፍሬቱንና መድኑን ደምሮ ነው። ፍሬት ሲንር በፍሬቱ ላይ ቀረጥ እንከፍላለን ማለት ነው። ሲወርድም ቀረጡ ይወርዳል፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ፍሬት እውነተኛው ከሆነ።

የተባበሩት መንግሥታት የባሕር በር በሌላቸው ታዳጊ አገሮች የትራንስፖርት ወጪ ባሕር ካላቸው በአማካይ 1.4 እጥፍ እንደሆነ ይገልጻል። ከእነዚህ አገሮች መካከል በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያዋ እኛ ነን። የባሕር በር ጥያቄ ትልቅ ነው፣ መነሳቱም ተገቢ ነው። ብቻ የወደብ ወሬ ሲሞቅ፣ ዛሬ ማታ ሞጆ ላይ የሚቆጥረው ዴሜሬጅ የሚረሳ ይመስለኛል። እሱን ለመቀነስ ማንንም አገር መለመን የለብንም። ባቡሩ አለ፤ ከ2018 ጀምሮ ይሠራል። በመንግሥቱ የመርከብ ድርጅት ለብቻ ተይዞ የነበረው የመልቲሞዳል አገልግሎት፣ ዕቃን በአንድ ውል ከባሕር እስከ ደረቅ ወደብ የማድረስ ሥራ፣ በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም ተፈቅዷል። ውድድሩ እውነተኛ ከሆነ ከባሕሩ የወረደው ዋጋ እስከ መርካቶ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው። ከ1964 ጀምሮ የራሷ የመርከብ ድርጅት ያላት አገር ነን። ባንዲራችንን ይዘው የሚሄዱ 28,000 ቶን ገደማ የሚጭኑ መርከቦች አሉን። ከ24,000 ኮንቴነር ጫኞቹ ጋር አይወዳደሩም፤ ግን ፍሬት በናረ ጊዜ የራስ መርከብ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ በኮሮና ወቅት አይተናል።

ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምላቸው እንግዲህ ይህ ነው። አስመጪ ከሆንክ ፍሬት በሚወርድበት ጊዜ ዓመት ሙሉ የሚያስር ውል አትፈርም። በየሦስት ወሩ የሚታይ ይሁን። በዋጋው ላይ ከምትከራከር ይልቅ በነጻ ቀኑ ላይ ተከራከር፤ ኩባንያዎቹ ጭነት በሚፈልጉበት ጊዜ ቀን ለመጨመር ይስማማሉ። ሰነድህ ከመርከቡ ቀድሞ ይድረስ። ላኪ ከሆንክ ደግሞ ቢያንስ ጥቂት ኮንቴነር ፍሬቱን ራስህ ይዘህ ለመሸጥ ሞክር። ፍሬት በሚወርድበት ዘመን መርከቡን የያዘ ነው ልዩነቱን የሚያገኘው። እስከ ዛሬ ልዩነቱ የገዥው ነበር።

አዲሱ ቡና መጫን ሲጀምር ደግሞ የመርከብ ወኪሉን ሁለት ነገር ጠይቁ። መርከቡ በሱዌዝ ነው ወይስ በደቡብ አፍሪካ የሚሄደው? ኮንቴነሩስ የት ወደብ ላይ ወርዶ፣ ስንት ቀን ይጠብቃል? መልሱን በስልክ አትቀበሉ፤ በኢሜይል ይጻፍላችሁ። ክፍያው ሲዘገይ ከገዥውም ከባንኩም ጋር የምትነጋገሩት በዚያ ወረቀት ነው።